የልጅዎ የመስማት ነርቭ ለጉዳት ተጋልጦ እንደሆነ ለማወቅ፦ ከወሊድ ማስታወሻ እስከ ምርመራ ክፍል

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ልጅ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ይጫወታል። እናቱ ጓዳ ውስጥ የድስት ክዳን ሲወድቅባት ደንግጦ ወደ ድምፁ ይዞራል፤ ስሙን ሦስት ጊዜ ስትጠራው ግን ቀና አይልም። አያቱ «ይሄ ልጅ ሲፈልግ ይሰማል፣ ሳይፈልግ አይሰማም» ይላሉ። አባቱ ደግሞ ልጁ በተወለደ ጊዜ ጆሮው ተመርምሮ «ደህና ነው» መባሉን ያስታውሳል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ልጁ ድምፅ ይሰማል፣ ምርመራውንም በእርግጥ አልፏል፤ ነገር ግን ከጆሮው ወደ አንጎሉ የሚሄደው ነርቭ መልእክቱን በሥርዓት ስለማያደርስለት ንግግር ለእርሱ ትርጉም የማይሰጥ ጫጫታ ሆኖበታል።

እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ «አፉን የሚፈታው ቆይቶ ነው» እየተባለ ሁለትና ሦስት ዓመት ይጠፋባቸዋል። የሚያሳዝነው ፍንጩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጅ ላይ የነበረ መሆኑ ነው፤ በወሊዱ ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ወይም በእናቲቱ ትዝታ ውስጥ ተቀምጦ፣ ጠያቂ ብቻ አጥቶ ይቆያል። ይህ መመሪያ ወላጆች፣ እንዲሁም በየቀበሌው ከእናቶች ጋር የሚውሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ያንን ፍንጭ እንዴት እንደሚሰበስቡና ወደ ትክክለኛው ምርመራ እንዴት እንደሚያደርሱት በቅደም ተከተል ያስረዳል።

በመጀመሪያ፦ ችግሩ የሚገኝበትን ቦታ ይለዩ

ድምፅ ወደ ጆሮ ሲገባ የጆሮን ታምቡር ያርገበግባል፤ እንቅስቃሴውም በሦስት ትናንሽ አጥንቶች በኩል አልፎ የቀንድ አውጣ ቅርፅ ወዳለው ውስጠኛ ጆሮ፣ ማለትም ወደ ኮክሊያ ይደርሳል። በዚያ ሁለት ዓይነት ፀጉር መሰል ሕዋሳት ተሰልፈዋል። ውጫዊዎቹ 12,000 ያህል ሲሆኑ ሥራቸው ድምፁን ማጉላትና ማጥራት ነው። ውስጣዊዎቹ 3,500 ያህል ብቻ ናቸው፤ ሆኖም ድምፁን ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀይሩት እነርሱ ሲሆኑ፣ 30,000 ከሚሆኑት የመስማት ነርቭ ክሮች መካከልም 95 በመቶ ያህሉ የሚገናኙት ከእነርሱ ጋር ነው። በምንነጋገርበት ሕመም ውጫዊዎቹ ሕዋሳት ሥራቸውን ይሠራሉ፤ የተጎዳው ከውስጣዊዎቹ ሕዋሳት፣ ሕዋሱ ከነርቩ ጋር ከሚገናኝበት መጋጠሚያ፣ ወይም ከነርቩ አንዱ ነው።

በማኅሌት ላይ ከበሮው፣ ጽናጽሉና መቋሚያው በአንድ ምት ሲሄዱ ዜማው ይደምቃል። መሣሪያው ሁሉ ሳይጎድል፣ እያንዳንዱ በየራሱ ጊዜ ቢመታው ግን የሚሰማው ድምፅ እንጂ ዜማ አይሆንም። የነርቩ ክሮችም ለአንድ ድምፅ በሺህኛ ሰከንድ ልክ አብረው መነሣት አለባቸው። «መታ»ን ከ«መጣ» የሚለየው እጅግ አጭር የጊዜ ልዩነት ነው፤ «ገና» ሲላላ በዓሉ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ቃል የሚሆነው፣ «አለ» ሲላላና ሲጠብቅ ትርጉሙ የሚለወጠውም በድምፁ ርዝመት ነው። ምቱ የተበታተነበት ነርቭ እነዚህን ልዩነቶች ያጠፋቸዋል። ስለዚህ ልጁ ሰው መናገሩን እያወቀ ምን እንደተናገረ ሳያውቅ ይቀራል።

አርኖልድ ስታር የተባሉት የነርቭ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ይህን ሁኔታ ራሱን የቻለ ሕመም አድርገው ስም የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በጣሊያን ኮሞ ከተማ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ደግሞ ክብደቱ ከልጅ ልጅ እጅግ ስለሚለያይ «የመስማት ነርቭ መታወክ ዘርፈ ብዙ ሕመም» በሚል ሐሳብ ስያሜውን አሰፉት። ቋሚ የመስማት ችግር ካለባቸው ሕፃናት መካከል እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት በዚህ ክፍል እንደሚካተቱ በተለምዶ ይገመታል፤ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ካለፉት መካከል ድርሻው ከዚህ ከፍ ይላል።

ቀጥሎ፦ የወሊዱን ታሪክ በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩ

አንድ ነጭ ወረቀት ይውሰዱና የልጁን ታሪክ በቁጥር ይጻፉ። «ታሞ ነበር»፣ «ትንሽ ቀን ተኛ» የሚሉ አነጋገሮች ለሐኪም አይጠቅሙም፤ «በ31ኛው ሳምንት ተወለደ፣ 1,400 ግራም ነበር፣ 19 ቀን ተኛ» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን የምርመራውን አቅጣጫ ይወስናል።

ከእርግዝናው ዕድሜ ይጀምሩ። እኛ ዘንድ «በሰባት ወሩ ተወለደ» ማለት የተለመደ ነው፤ ሆኖም ወር አሻሚ ነውና በሳምንት ያስሉት። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ልጅ ያለ ጊዜው እንደተወለደ ይቆጠራል፤ ሳምንቱ ባነሰ ቁጥር ነርቩን የሚሸፍነውና መልእክቱን የሚያፋጥነው ማይሊን የተባለው ልባስ ገና ያልዳበረ ይሆናል። ክብደቱንም አብረው ይጻፉ፤ ከ2,500 ግራም በታች ዝቅተኛ፣ ከ1,500 ግራም በታች ደግሞ በጣም ዝቅተኛ የልደት ክብደት ይባላል። በቀኖቹ አጠገብ የኢትዮጵያ ወይም የአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ማመልከት አይርሱ፤ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የሚፈጠር መምታታት የልጁን ትክክለኛ ዕድሜ ሲያዛባ ማየት የተለመደ ነው።

ልጁ ማሞቂያ ክፍል ገብቶ ከነበረ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ኦክስጅን በአፍንጫ ብቻ ተሰጥቶት እንደሆነ ወይም በመተንፈሻ መሣሪያ ታግዞ እንደነበር፣ ምን መድኃኒት ለስንት ቀን እንደወሰደ ይጻፉ። በጽኑ ሕክምና ክፍል ከ5 ቀን በላይ መቆየት ብቻውን እንደ አጋላጭ ሁኔታ ይቆጠራል። ይህን ሁሉ ማስታወስ ስለሚያስቸግር ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጠዎትን የማጠቃለያ ወረቀት ፈልገው ያውጡ፤ ከጠፋ ወደ ካርድ ክፍል ሄደው ግልባጭ ይጠይቁ።

ልጁ ቤት ውስጥ ከተወለደ ወረቀት ላይኖር ይችላል፤ ታሪክ ግን አለ። ያዋለደችውን ሴት ወይም አያቱን በእርጋታ ይጠይቁ፦ ወዲያው አለቀሰ ወይስ ቆየ? መልኩ ጠቁሮ ወይም ገርጥቶ ነበር? ጡት የያዘው በስንት ሰዓቱ ነው? ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር? በስንተኛው ቀን? ጥያቄው የወቀሳ እንዳይመስል ይጠንቀቁ፤ እናት ጥፋተኛ የተባለች ከመሰላት የምታውቀውን ትደብቃለች።

ቢጫነትን ለብቻው በጥንቃቄ ይመርምሩ

ከአጋላጭ ሁኔታዎች ሁሉ ከዚህ ሕመም ጋር ግንኙነቱ በግልጽ የታወቀው፣ መከላከልም የሚቻለው፣ የጨቅላ ሕፃናት ቢጫነት ስለሆነ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ብዙዎቻችን «የወፍ በሽታ» እያልን የምንጠራው ይህ ቢጫነት የሚመጣው ቢሊሩቢን ከሚባል፣ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ከሚፈጠር ንጥረ ነገር ነው። መጠኑ ሲበዛ በደም ውስጥ ካለው አልቡሚን ከተባለ ፕሮቲን ጋር መያያዝ ያልቻለው ትርፍ ወደ አንጎል ይዘልቃል፤ እዚያም የመስማት ነርቭና ነርቩ የሚያርፍባቸው የአንጎል ግንድ ማዕከሎች ቀድመው ከሚጎዱት መካከል ናቸው። ፀጉር መሰል ሕዋሳቱን ግን በአብዛኛው አይነካቸውም። ጆሮው ደህና፣ ነርቩ የታመመ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀለል ያለ ቢጫነት በብዙ ሕፃናት ላይ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ታይቶ በራሱ ይጠፋል። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ የታየ ቢጫነት፣ ወይም እስከ መዳፍና የእግር ውስጥ የደረሰ ቢጫነት ግን ያለ ምንም ማመንታት ወደ ጤና ተቋም ያስኬዳል። ሕፃኑ ጡት መሳብ ካቆመ፣ ከእንቅልፍ አልነቃ ካለ፣ በቀጭን ድምፅ ካለቀሰ ወይም ወደ ኋላ ከተለመጠ አንጎሉ እየተጎዳ ስለሆነ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ ኢንፌክሽን የያዘው ወይም ትንፋሽ አጥሮት የነበረ ሕፃን ለሌላው በማይጎዳ መጠን ሊጎዳ ይችላል።

በአገራችን ቢጫነቱን ለማየት የሚያስቸግር አንድ ልማድ አለ። አራሷ ምችና ሰው ዓይን እንዳያገኛት ተብሎ፣ ወንድ ከሆነ እስከ አርባ፣ ሴት ከሆነች እስከ ሰማንያ ቀን፣ ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ጨቅላውና እናቱ ደብዘዝ ባለ ክፍል ይከርማሉ፤ የሕፃኑም ፊት በነጠላ ይሸፈናል። ልማዱን መንቀፌ አይደለም፤ ለአራስ ዕረፍት ይሰጣል። ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ አንድ ጊዜ መስኮቱን ከፍተው በቀን ብርሃን የሕፃኑን የዓይን ነጭ፣ ድዱንና መዳፉን ይመልከቱ፤ ግንባሩን ወይም የአፍንጫውን ጫፍ በጣት ጫን አድርገው ሲለቁም የቆዳው ቀለም ይገለጣል። ጠይም ቆዳ ቢጫነትን ስለሚሸሽግ የዓይኑን ነጭ ሳያዩ አይወስኑ።

የጠዋት ፀሐይ ማሞቅ የከፋ ቢጫነትን አያድንም። በሆስፒታል የሚሰጠው ብርሃን በልዩ የሞገድ ርዝመት፣ ከ460 እስከ 490 ናኖሜትር ባለው ሰማያዊ ብርሃን፣ በተመጠነ ኃይልና ለረጅም ሰዓት የሚሰጥ ሕክምና ነው። ይህ አልበቃ ሲል የሕፃኑ ደም ይቀየራል። በወረቀትዎ ላይ ቢጫነቱ የጀመረበትን ቀን፣ የተለካውን ከፍተኛ የቢሊሩቢን ቁጥር፣ በብርሃን የታከመበትን ቀን ብዛት ይጻፉ፤ ደም ተቀይሮለት ከሆነ ደግሞ ቃሉን ያስምሩበት፤ የምርመራውን ዓይነት የሚወስነው እርሱ ነው።

ስለ መንስኤውም ይጠይቁ። የድሮ ሰዎች «ሾተላይ» የሚሉት፣ ልጅ በልጅ ላይ የሚቀጥፈው ችግር፣ ብዙውን ጊዜ የእናት ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የእናት ሰውነት የፅንሱን ደም በማፍረሱ የሚመጣ ነው። የደም ዓይነቷ ኦ የሆነ እናትም ኤ ወይም ቢ ደም ያለው ልጅ ስትወልድ ቢጫነቱ ሊጠና ይችላል። ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሕፃናት ደግሞ ናፍታሊን ውስጥ የተቀመጠ ልብስ ወይም ብርድ ልብስ ሲያገኛቸው ደማቸው በፍጥነት ሊፈርስ ይችላል። ለአራስ ልጅ የሚዘጋጅ ጨርቅ ከሻንጣ ሲወጣ ናፍታሊን ናፍታሊን ከሸተተ አታልብሱት።

ትንፋሽ፣ ኢንፌክሽንና መድኃኒት

ሕፃኑ ሲወለድ ሳያለቅስ ቆይቶ፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጠው አምቡ ባግ እንዲተነፍስ ታግዞ፣ ወይም አፕጋር የሚባለው፣ ትንፋሹ፣ የልብ ምቱና እንቅስቃሴው እንደተወለደ የሚመዘንበት ነጥብ በአምስተኛው ደቂቃ ዝቅተኛ ሆኖ ከነበረ ይህንን ከዋናዎቹ መካከል ይጻፉት። በጽኑ ሕክምና ክፍል ሳሉ የሞቱ ጨቅላዎችን ውስጠኛ ጆሮ የመረመሩ ተመራማሪዎች በአንዳንዶቹ ላይ ውጫዊዎቹ ሕዋሳት ሳይነኩ ውስጣዊዎቹ ብቻ ጠፍተው አግኝተዋል፤ የኦክስጅን እጥረት ከሚጠረጠርባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው።

ለደም መመረዝ በብዛት የሚሰጠው ጄንታማይሲን በተለምዶ የሚጎዳው ውጫዊዎቹን ሕዋሳት ስለሆነ የተለመደውን የመስማት መቀነስ ያመጣል፤ ቢሆንም ከ5 ቀን በላይ የተሰጠው ልጅ ክትትል ያስፈልገዋል። ይህን የምጽፈው ማንም መድኃኒቱን እንዲፈራ አይደለም፤ ያለ እርሱ ብዙ ጨቅላዎች በሕይወት አይገኙም። መድኃኒቱን ይውሰድ፣ ስሙና የቀኑ ብዛት ብቻ በወረቀቱ ላይ ይቀመጥ።

የአንድ ልጅ ታሪክ ውስጥ እነዚህ ሁኔታዎች ብቻቸውን አይመጡም፤ ያለ ጊዜው የተወለደው ያው ልጅ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ኢንፌክሽን ይይዘዋል፣ ቢጫ ይሆናል። የትኛው እንዳደረሰበት መለየት ብዙውን ጊዜ አይቻልም፤ ለወላጅም አስፈላጊ አይደለም። አስፈላጊው ቁጥራቸው በበዛ መጠን ምርመራው እንዳይዘገይ ማድረግ ነው።

የቤተሰብን ዘር ይቁጠሩ

አንዳንድ ልጆች ያለ ጊዜያቸው ሳይወለዱ፣ ሳይታመሙ፣ ቢጫም ሳይሆኑ የነርቭ ችግር ይታይባቸዋል። በእነዚህ ላይ ዘር መጠርጠር አለበት። በይበልጥ የታወቀው ኦቶፈርሊን የተባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል መበላሸት ነው፤ ይህ ፕሮቲን ውስጣዊው ሕዋስ መልእክቱን ወደ ነርቩ እንዲለቅ ያደርጋል፤ ከሌለ ሕዋሱም ነርቩም እያሉ መልእክቱ መሻገር አይችልም። ሕመሙ የሚመጣው ልጁ ከአባትም ከእናትም የተበላሸውን ዘረ መል ሲወርስ ስለሆነ ወላጆቹ ሁለቱም በደንብ የሚሰሙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በእያንዳንዱ እርግዝናም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው።

እንግዲህ እስከ ሰባት ቤት ዘር የመቁጠር ልማዳችን እዚህ ላይ ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል። በአባትም በእናትም በኩል ሲወለድ ጀምሮ የማይሰማ፣ አፉን ዘግይቶ የፈታ ወይም ጨርሶ ያልፈታ ዘመድ ካለ ይጻፉ። ወላጆቹ የሥጋ ዘመድ ከሆኑ፣ ለምሳሌ በአፋር አብሱማ በሚባለው ሥርዓት የተጋቡ ከሆኑ፣ ያለ ሐፍረት ለሐኪሙ ይንገሩ። ሰባት ቤት ተቆጥሮ በተጋቡ ቤተሰቦችም ቢሆን ተመሳሳይ ዘረ መል ሊገናኝ ስለሚችል «እኛ ዘመድ አይደለንም» ብሎ ጉዳዩን መዝጋት አይገባም።

በዚህ ዘረ መል አንዳንድ ለውጦች ላይ የሚታይ አንድ ምልክት አለ፤ ወላጅ ካልተናገረው ማንም ሐኪም አያገኘውም። ልጁ በደህናው ቀን መጠነኛ በሆነ መንገድ ይሰማል፤ ትኩሳት ሲይዘው ግን ድንገት ይደነቁራል፣ ትኩሳቱ ሲወርድ ደግሞ መስማቱ ይመለሳል። ቤተሰቡ «ታሞ ስለደከመው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ልጅዎ ትኩሳት ባለበት ቀን ሲጠሩት ጨርሶ እንደማይሰማ ካስተዋሉ የትኩሳቱን ልክና ቀኑን ይመዝግቡ።

ዕድሜያቸው ከፍ ባለ ልጆች ላይ መስማት መቀነስ ከመንገዳገድ፣ ከቶሎ ቶሎ መውደቅ ወይም ከማየት መዳከም ጋር ሲመጣ እንደ ፍሬድሪክ አታክሲያና ሻርኮ ማሪ ቱዝ ያሉ ሌሎች ነርቮችንም የሚያጠቁ ሕመሞች ይታሰባሉ፤ ይህ ወደ ልጆች የነርቭ ሐኪም የሚወስድ መንገድ ነው። አንድ ጆሮ ብቻ የማይሰማ ልጅ ከሆነ ደግሞ ነርቩ ከመፈጠሩ ቀጥኖ ወይም ጨርሶ ሳይፈጠር ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል በኤምአርአይ ይታያል።

ከዚያ በኋላ የመጣ ሕመም

ማጅራት ገትር የያዘው ልጅ፣ አገራችን በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀጠና ውስጥ እንደመሆኗ፣ ሕይወቱ ከተረፈ በኋላ መስማቱ ሳይመረመር መሰናበት የለበትም፤ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ካልሆነም በዚያው ወር ውስጥ ይመርመር። ጆሮ ደግፍና ኩፍኝም በመስማት ላይ ጉዳት ያደርሳሉ። እናት በእርግዝና ላይ ሳለች የሚተላለፈውን ሲኤምቪ የተባለ ቫይረስ ለማረጋገጥ የሕፃኑ ሽንት ወይም ምራቅ በተወለደ በ21 ቀን ውስጥ መወሰድ አለበት፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ቫይረሱ ቢገኝም በማኅፀን ይሁን ከተወለደ በኋላ መያዙን መለየት አይቻልም።

ቤት ውስጥ በሥርዓት ይታዘቡ

ብዙ ሰው የልጅን ጆሮ የሚፈትነው ከኋላው ሆኖ በማጨብጨብ ወይም በር በመምታት ነው። ይህ ያሳስታል። ጭብጨባ ነፋስ ያመጣል፣ በር ወለሉን ያንቀጠቅጣል፣ ጥላም ይታያል፤ ይልቁንም የነርቭ ችግር ያለበት ልጅ ለእንዲህ ያለ ድምፅ ጥሩ ምላሽ ሊሰጥ ይችላል። መፈተን ያለብዎት ንግግር መረዳቱን ነው። ልጁ በሚጫወትበት ሰዓት፣ ፊትዎን ሳያይ፣ በእጅዎ ሳያመለክቱ፣ በተለመደ ድምፅ «ኳሱን አምጣ» ይበሉት። አንድ ጊዜ ጸጥ ባለ ክፍል፣ ሌላ ጊዜ ቴሌቪዥን ተከፍቶ ወይም ጎረቤት ለቡና ተሰብስቦ በሚያወራበት ሰዓት ይድገሙት። በጸጥታው መጥቶ በጫጫታው የሚቀር፣ ዛሬ ሰምቶ ነገ የማይሰማ፣ የተናጋሪውን አፍ አፍ የሚያይ ልጅ በትክክል የምንፈልገውን ሥዕል እያሳየ ነው።

ይህንን ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ በሁለት መስመር ቢጽፉ ከማንኛውም ቃል የበለጠ ያስረዳል። ልጁ 12 ወር ሞልቶት አንድም ትርጉም ያለው ቃል ከሌለው፣ ወይም ሲያሰማቸው የነበሩትን ድምፆች ካቆመ፣ ሁለቱ ሳምንት እስኪያልቅ አይጠብቁ።

ትክክለኛውን ምርመራ ይጠይቁ

መመሪያውን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ዋናው ነገር ይህ ነው። ለጨቅላ ሕፃናት የሚደረጉ ሁለት የተለያዩ ምርመራዎች አሉ። የመጀመሪያው ትንሽ መሣሪያ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ድምፅ ከላከ በኋላ ውጫዊዎቹ ሕዋሳት የሚመልሱትን እጅግ ደካማ ማስተጋቢያ የሚለካው ኦኤኢ ነው። ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፣ ዋጋውም ይቀላል። ሁለተኛው ግንባርና ከጆሮ ኋላ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች አማካይነት ድምፁ በነርቩ አልፎ አንጎል ግንድ መድረሱን የሚመዘግበው ኤቢአር ነው። የመስማት ነርቭ ችግር ያለበት ልጅ የመጀመሪያውን ያልፋል፣ በሁለተኛው ይወድቃል። ስለሆነም በኦኤኢ ብቻ «አልፏል» የተባለ ልጅ ስለ ነርቩ ምንም አልተነገረለትም።

አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ይመለከታቸዋል። እዚያ እጅግ አብዛኞቹ ሕፃናት ከሆስፒታል ሳይወጡ መስማታቸው ይመረመራል፤ ሆኖም ጤነኛ ሆነው የተወለዱት የሚተኙባቸው ብዙ ክፍሎች የሚጠቀሙት ኦኤኢን ነው። «ፓስ አድርጓል» ሲባሉ «በየትኛው ምርመራ?» ብለው ይጠይቁ፤ ጥያቄውንም በአማርኛ ለማቅረብ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለዎት። እዚያ ያለው የባለሙያዎች የጋራ መመሪያ በጽኑ ሕክምና ክፍል ከ5 ቀን በላይ የቆየ ሕፃን በኤቢአር እንዲመረመር ያዝዛል፤ የሚከተለውም የጊዜ ሰሌዳ እስከ 1 ወር የመጀመሪያ ምርመራ፣ እስከ 3 ወር የምርመራው ማረጋገጫ፣ እስከ 6 ወር የእርዳታው ጅማሬ ነው።

በአገር ቤት በብዙ የጤና ተቋሞቻችን የመስማት ምርመራ የወሊድ አገልግሎት መደበኛ አካል ስላልሆነ ወላጁ ራሱ መጠየቅ አለበት። ወረቀትዎን ይዘው የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡና ኤቢአር ወደሚገኝበት እንዲልኩዎት ያመልክቱ። መሣሪያው በቅርብ ከሌለ አንድ አማራጭ አለ፦ የመሃል ጆሮን ለመለካት የሚያገለግለው መሣሪያ ብዙ ጊዜ የጆሮ ጡንቻ ለከፍተኛ ድምፅ የሚሰጠውን ምላሽም ይለካል። ኦኤኢ እያለ፣ የመሃል ጆሮም ጤናማ ሆኖ ይህ ምላሽ ከጠፋ፣ ንግግሩም ከዘገየ፣ ራቅ ወዳለ ከተማ ለመሄድ በቂ ምክንያት ነው።

ለኤቢአር ሕፃኑ መተኛት አለበት። ከስድስት ወር በታች ያለ ልጅ በተፈጥሮ እንቅልፍ ሊሠራለት ስለሚችል መንገድ ላይ እንዳይተኛ አድርገው፣ ጡት ሳይጠግብ አምጥተው እዚያው ያጥቡት። በዚያን ዕለት ግንባሩንና ከጆሮው ኋላ ቅቤም ሆነ ቅባት አይቀቡት፤ ኤሌክትሮዱ አይለጠፍም። ለባለሙያው በትሕትና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ድምፁ በሁለቱም የሞገድ አቅጣጫዎች ለየብቻ ይሰጥ፤ ሕዋሳቱ የሚሰጡት ምላሽ የድምፁ አቅጣጫ ሲገለበጥ አብሮ ስለሚገለበጥ ከነርቩ ምላሽ የሚለየው በዚህ ነው። የድምፁ ቱቦ ተቆልፎም አንድ ጊዜ ይቀዳ፤ የሚታየው ምልክት ከልጁ እንጂ ከመሣሪያው አለመምጣቱ ይረጋገጣል። ኦኤኢውም በዚያው ቀን ይሠራ። መሃል ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ ካለ ወይም ጊዜ ካለፈ ኦኤኢ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ኦኤኢ ጠፋ ተብሎ የነርቭ ችግር የለም አይባልም።

ውጤቱ ከመጣ በኋላ

የኤቢአር መስመር ጠፍጣፋ ሆነ ማለት ልጁ ምንም አይሰማም ማለት አይደለም። መስመሩ የሚለካው የነርቩን ምት አብሮነት እንጂ የመስማቱን መጠን ስላልሆነ፣ ጠፍጣፋ መስመር ካላቸው ልጆች አንዳንዱ ሹክሹክታ ይሰማል፣ አንዳንዱ ነጎድጓድም አይሰማም። በመሆኑም የመስሚያ መሣሪያ በዚህ መስመር ተለክቶ አይሰጥም፤ ከስድስት ወር ዕድሜ ገደማ ጀምሮ ልጁ ለድምፅ ዞር ሲል ብርሃን ወይም አሻንጉሊት በሚያሳይ የባሕርይ ምርመራ ትክክለኛው ልክ እስኪታወቅ ይጠበቃል።

ያለ ጊዜያቸው የተወለዱና ቢጫ የነበሩ ልጆች ነርቭ በመጀመሪያው ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 18 ወር ድረስ ሊሻሻል ስለሚችል ምርመራው ይደገማል፤ ወደ ኮክሊያ ተከላም፣ ማለትም ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ተተክሎ ነርቩን በኤሌክትሪክ ወደሚያነቃቃው መሣሪያ፣ አይቸኮልም። መጠበቅ ማለት ግን ልጁን ያለ ቋንቋ ማቆየት አይደለም። ከምርመራው ማግሥት ጀምሮ ፊት ለፊት፣ ቀረብ ብለው፣ ቴሌቪዥኑን ዘግተው ያናግሩት፤ የምልክት ቋንቋም ይጀምሩለት። «ምልክት ከለመደ አይናገርም» የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ ቋንቋ ያለው ልጅ ነው ሌላ ቋንቋ የሚጨምረው። በውጭ አገር ያላችሁም አማርኛውን አትተዉበት።

ችግሩ ከኦቶፈርሊን የመጣ ከሆነ ነርቩ ጤነኛ ስለሆነ የኮክሊያ ተከላ በአብዛኛው ጥሩ ውጤት ይሰጣል፤ ነርቩ የቀጠነ ወይም የሌለ ከሆነ ግን ተስፋው ያንሳል። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 በቻይና የተደረገ ጥናት ይፋ ሲሆን፣ የተበላሸውን የኦቶፈርሊን ዘረ መል በጤነኛው የመተካት ሕክምና ከተሰጣቸው ስድስት ልጆች መካከል አምስቱ መስማት መጀመራቸው ተገልጿል። ሕክምናው ለሁሉም የደረሰ ባይሆንም የዘረ መል ምርመራ ማድረግ ከንቱ ድካም አለመሆኑን ያሳያል።

በቋሚነት መስማት የተሳናቸው ሆነው ከሚወለዱ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ምንም የታወቀ አጋላጭ ሁኔታ የላቸውም። ስለዚህ ወረቀትዎ ባዶ ሆኖ ልጅዎ ስሙን ሲጠሩት ካልዞረ፣ ወረቀቱን ትተው ልጁን ይመኑ፤ ያስመርምሩት። ሞልቶ ከሆነ ደግሞ አጥፈው ከክትባት ካርዱ ጋር በአንድ ላስቲክ ያስቀምጡት፤ የሚቀጥለው ምርመራ ቀን ከላይ ይጻፍበት። እናት አርኤች ኔጌቲቭ ከሆነች የሚቀጥለው እርግዝና ሲመጣ ይኸው ወረቀት ለአዋላጇ ይታይ፤ የእናት ሰውነት የፅንሱን ደም ማፍረስ እንዳይለምድ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው የአንቲ ዲ መርፌ የሚታዘዘው ቀድሞ ከታወቀ ነው።